ከጉልበት በታች

የሐምሌ ዝናም ነው፣ በሌሊት ገፍትሮ፣
መሬት ያነጠፈው ያባቴን ቆርቆሮ።
ጧት ወጥቼ ባየው፣ አጥር የለም መሐል፣
ሁለቱ ጓሮ ላይ አንድ ጭጋግ ወርዷል።
ጦይባ በዚያ በኩል ምስማር እየለቀመች፣
«ዝገቱ የማን ነው፣ የኔ ወይስ ያንተ?» አለች።

አባቶቻችን ናቸው፣ ለአንድ ክንድ መሬት
አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት የዋሉት።
አባቴ ሲረታ ክንዱን የለካበት
ገመድ ዛሬም ድረስ ተንጠልጥሏል ከቤት።

ቆርቆሮ ተወዷል፣ ጡረታዬ አንሷል፣
ልቤ ግን ኮምቦልቻ፣ ችግኝ ጣቢያ ደርሷል።
ይማም፣ ችግኝ አፍይው፣ አንዲት መዞ አሳየኝ፣
ቅጠሏ የምስር ፍሬ የምታህል መሰለኝ፤
መሐሏ አረንጓዴ፣ ጠርዟ ቅቤ የነካው።
ስሟን ብጠይቀው፣ «እሱን ፈረንጅ ይወቀው፤
እኛ ጉራማይሌ ብለን ነው የምንሸጣት።
በዓመት አንድ ጣት ነው፣ አትጠብቅ ፍጥነት።
ከቸኮልክ ባሕር ዛፍ፣ ያውልህ» አለና
ሃምሳውን ቆጠረ በካርቶን አርጎ፣ ጭቃው ሳይራገፍ ገና።

ካርቶኑን ታቅፌ ሐረጎን ስወጣ፣
ሚኒባሱ ሙሉ ጥያቄ አመጣ፦
«ይበላል?» «አይበላም።»
«መድኃኒት?» «አይደለም።»
«ታዲያ ምን ያደርጋል?»
መልስ አልነበረኝም።

ሆጤ ቁልቁለት ላይ፣ ገመዱን ፈታሁት፤
ጦይባ ጫፉን ይዛ፣ ወዲህ ወጠርኩት።
ኮኳ ጋ ስንደርስ፣ ሥሩን ላለመንካት
መስመሩ ጎበጠ፤ ግማሽ ክንድ ሰጠኋት።
(አባዬ፣ ይቅርታ። ይግባኝ ካለህ በል።)

ስንዝር በስንዝር፣ የበግ ፍግ ከሥሯ፤
ኅዳር ውርጭ ሲወርድ፣ ጆንያ ከላይዋ።
አንደኛው ዓመት ላይ ምንም አልሆነችም።
ሁለተኛው ላይም ምንም አልሆነችም።
ፍየል እንኳ አንድ ቀን ቀምሳ ተፋቻት።

በሦስተኛው፣ መስከረም፣ ከኮኩ ማዶ
አንድ ቅርንጫፍ ወጣ፣ ጠርዙን ክዶ፤
ሙሉ አረንጓዴ፣ ቅቤ የሚባል የማያውቅ፣
ከእኅቶቹ በላይ ስንዝር ሙሉ የሚርቅ።

ደወልኩለት ለይማም። «ከሥሩ ቁረጠው፤
ነጭ ያለበት ቅጠል በግማሽ አፍ ነው የሚጎርሰው፤
ሙሉው ከሰነበተ ሁሉንም ነው የሚውጠው።»

መቀሴን አነሣሁ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ
ሲቆርጥ የኖረውን።
«ምን አጠፋ?» አለች ጦይባ፣ ከኮኩ ጥላ።
«ምንም አላጠፋም። በረታ እንጂ» አልኳት።
«መበርታት ጥፋት ነው?»
«አጥር ውስጥ ሲሆን ነው።»
ዝም አለች።
ከሦስት ልጆቿ መሐል
የበረታው ነበር
በጅቡቲ በኩል ወጥቶ ሳይመለስ የቀረው፤
ይህን የማውቅ ሰው ነኝ፣ መቀሱን ይዤ የቆምኩት።

ቆረጥኩት።
አልጣልኩትም ግን። በዱቄት ወተት ጣሳ፣
አሸዋ ካፈር ጋር ቀላቅዬ፣
የታች ቅጠሎቹን መልምዬ ሸጎጥኩት፤
ከጉድጓዱ አጠገብ፣ ጠዋት ፀሐይ የሚያይበት።
ለማንም አልነገርኩም።

ጥር ላይ፣ ጣሳውን ጫን ብዬ ስነቀንቀው
እንቢ አለ። ሥር ይዟል።
ቀና ስል ጦይባ ታየኛለች።
በሩን አላንኳኳች፣ በመንገድ አልዞረች፤
ቀሚሷን ሰብስባ፣ አንድ እግሯን አነሣች፣
ከጉልበት በታች ነው፣ ተሻግራ ወሰደች።

አሁን መስኮቷ ሥር ነው። መቀስ አያውቀውም።
እኔ በዚህ በኩል፣ ነጭና አረንጓዴዋን
በየሁለት ወሩ እያስተካከልኩ፣
አንዳንዴ ቀና ስል አየዋለሁ፣
ኮኩን ሊያክል ምንም አልቀረው የሚል ይመስላል፤
ገና ግን የክርኔ ቁመት ነው።

ትናንት በመስኮቱ፣ «ስንት ዓመት ይኖራል?» አለችኝ።
ይማም ነግሮኝ ነበር፣ እኔንም፣ እሷንም፣
ቤቶቹንም ሳይቀር እንደሚያልፈን።
«እንጃ» አልኳት፤
መቀሱን በሱሪዬ ጠረግሁ፣
ከጎበጠው ጀመርኩ።